ተርኪው በደንብ በስሎ ነበር

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ታንክስጊቪንግ ምግብ ነው። "ዶክተር፣ የተርኪ ደረት በስሎው ኩከር ብሠራ ችግር አለው?" "ከፍሪዘር አውጥቼ በቀጥታ ብጨምረውስ?" "ጠዋት ጥጄው ሥራ ብሄድ ልጆቹን አያማቸውም?" ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። አጭሩ መልስ፣ ስሎው ኩከር ችግር የለውም። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ተርኪ አባቴን ሆስፒታል አስተኝቶታል። እስከ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ያልጻፍኩት አፍሬ ነው።

ሀገር ቤት ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። ታንክስጊቪንግ አሜሪካኖች በየዓመቱ በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ የሚያከብሩት የምስጋና በዓል ነው። ተርኪ ደግሞ ከዶሮ በብዙ የሚተልቀው የበዓሉ ወፍ ነው። ስሎው ኩከር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውስጡ ወፍራም የሸክላ ድስት ያለው፣ ምግብን ለሰዓታት በቀስታ የሚያበስል ዕቃ ነው። ጨምረው፣ ከድነው ይተውታል። እዚህ ሜሪላንድ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ያለ እሱ እንዴት እንደምትኖር አላውቅም።

እኛ ቤት ሙሉ ተርኪ አይሠራም። ምክንያቱ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ይህ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 አካባቢ ስለሚውል ታንክስጊቪንግ በአብዛኛው ጾሙ ከገባ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ገበታው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል እናቴና አክስቴ ሽሯቸውን፣ ምስራቸውንና ጎመናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በሌላ በኩል ልጆቹ "የክፍላችን ልጆች ሁሉ ተርኪ ይበላሉ" እያሉ ይጠብቃሉ። አባቴ ልቡ ደካማ ስለሆነና ብዙ መድኃኒት ስለሚወስድ የንስሐ አባቱ እንዳይጾም ፈቅደውለታል፣ ስለዚህ ከልጆቹ ጎን ነው ቦታው። ለእነዚህ ሰዎች 15 ፓውንድ ወፍ ምን ይሠራል? 6 ፓውንድ የሚሆን ደረት ይበቃል። ኦቨኑም በስኳር ድንችና በልጆቹ ማካሮኒ ተይዟል። ስሎው ኩከሩን ከቁም ሳጥን ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ በትክክል ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱን ነው።

ደረቱን የገዛሁት በረዶ ሆኖ ነበር። ሰኞ ማታ ከፍሪዘር አውጥቼ ትሪ ላይ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀልጥ ለየ4 እና 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ እኔ ለጥንቃቄ ጨመር አደረግሁለት። የረሳ ሰው ከነማሸጊያው በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው እየቀየረ፣ ለአንድ ፓውንድ 30 ደቂቃ ያህል አስልቶ ማቅለጥ ይችላል። እንደዚያ የቀለጠ ግን ወዲያው መበሰል አለበት። በረዶውን እንዳለ ስሎው ኩከር ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም። ዕቃው የሚሞቀው በቀስታ ነው፣ መሃሉ በረዶ የሆነ ትልቅ ሥጋ ደግሞ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል። ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ከእናቴ ጋር የተጣላንበት ነገር መጣ። ማሸጊያውን ቀድጄ ደረቱን በወረቀት ፎጣ ሳደርቀው አየችኝ።

"አታጥቢውም እንዴ?"

"እማዬ፣ ይሄ አይታጠብም።"

"ያልታጠበ ዶሮ! ሎሚ የለም? ጨው የለም? ምን ሆነሻል ልጄ?"

ለእናቴ ትውልድ ዶሮን በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማጠብ የሙያ መለኪያ ነው፣ ይገባኛል። ሀገር ቤት ዶሮው ከነላባው ታርዶ፣ ተለብልቦ፣ ቤት ውስጥ ሲበለት ብዙ የሚጸዳ ነገር አለው። እዚህ ሱቅ የሚገዛው ግን ተጸድቶ የታሸገ ነው። ስናጥበው ጥሬው ሥጋ ላይ ያለው ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ከውሃው ጋር ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ልብሳችን ይረጫል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን እሳቱ ነው። "ካላጠብኩ አልበላውም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ቧንቧውን በኃይል አትክፈቱበት። ሲንኩን መጀመሪያ ከሌላ ነገር ሁሉ ባዶ አድርጉ፣ ስትጨርሱ በሳሙና አጥባችሁ በበረኪና ውሃ አጽዱት፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። እናቴ በመጨረሻ "እኔ እንደሆን ጾመኛ ነኝ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ብሉት" ብላ ወጣች። ይህን ንግግሯን በኋላ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ድስቱ። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በወፍራሙ ቆርጬ ከሥር አነጠፍኩ። ደረቱን በንጥር ቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥቂት በርበሬና ኮረሪማ አሸሁት። አጥንቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨመርኩበት። ተርኪ የራሱን ውሃ ስለሚያወጣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ድስቱ ከግማሽ በላይ፣ ከሁለት ሦስተኛው በታች ቢሞላ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከፍተኛው ላይ፣ ከዚያ ዝቅተኛው ላይ አደረግሁት። ክዳኑን አላነሳሁም፣ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የሚያመልጠውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል። (ቆዳው እንዲጠበስ አትጠብቁ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚሆነው። እኔ ገፍፌ እጥለዋለሁ፣ ለአባቴም ቅባቱ አይሆነውም።)

8 ሰዓት ላይ የሥጋ ቴርሞሜትሩን ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳላስነካ ወጋሁበት። 168 ፋራናይት። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለዶሮና ለተርኪ የሚያዘው 165 ፋራናይት፣ ማለትም 74 ሴልሺየስ ነው። በጣም ኮራሁ። ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ልኬላት ነበር።

ተርኪው በደንብ በስሎ ነበር። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

ደረት ሲቆይ እንደ ጥጥ ይደርቃል ብዬ ድስቱን አጠፋሁት። ክዳኑን ግን እንደተገጠመ ተውኩት። ለ9 ሰዓት ነው የጠራኋቸው፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል ብዬ። ለ9 ሰዓት የተጠራ ሀበሻ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን ታውቃላችሁ። ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋግቶበት፣ አክስቴ ድፎ ዳቦዋ እስኪበርድላት ጠብቃ፣ ገበታው የተባረከው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጆቹ በሉ። አባቴ "ምሳ ዘግይቼ ነው የበላሁት፣ ቆይቼ" አለ። የተረፈው ሥጋ እዚያው ድስት ውስጥ ከነመረቁ፣ ከነክዳኑ ቀረ። ቡና ተፈላ፣ ጨዋታው ደራ፣ እኔም ረሳሁት። ረሳሁት ማለት እንኳ ልክ አይደለም። ያደግሁበት ቤት የበዓል ወጥ ድስቱ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ጠዋት ይሞቃል፣ ይበላል። ድስቱን እዚያ ሳየው ዓይኔን የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረውም።

ማታ 4 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ከሥራ ወጥቶ መጣ። እሱ፣ ወንድሜና አባቴ አብረው ቀረቡ። ድስቱን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነበር። "አሁንም አልቀዘቀዘም፣ ማሞቅ አያስፈልገውም" ያልኩት እኔው ነኝ። መረቁን እንጀራ ላይ እያፈሰሱ በሉት። አባቴ "ይቺ ልጅ ሐኪም ብቻ መስላኝ ነበር፣ ለካ ባለሙያም ናት" አለ።

ዓርብ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ሆዱን ሲቆርጠው አድሯል፣ ተቅማጥ ጀምሮታል። ጥቂት ቆይቶ የአክስቴ ልጅም እንደዚያው። አባቴን ጠየቅሁት። "ምንም አልሆንኩም፣ ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው" አለኝ። ብርድ! ስንት በሽተኛ ነው ይህን ቃል ክሊኒኬ ይዞ የሚመጣው። ሳየው ደግሞ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይዟል። አመንኩት። እኩለ ቀን ላይ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀ።

ግፊቱን ስለካው 82 በ50 ነበር። ከንጋቱ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ሽንት የሚያሸናውን ክኒንና የደም ግፊት ክኒኑን እንደወትሮው ውጧል። "መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ውሰድ" ያልኩት እኔ ነኛ፣ አክባሪ በሽተኛ ነው። ለደካማ ልብ የሚሰጠው ያ ክኒን ከሰውነት ውሃ እንዲወጣ ያደርጋል፣ ተቅማጡም ውሃ ያወጣል፣ የግፊቱ ክኒን ደግሞ የቀረውን ግፊት ያወርዳል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሆነው ኩላሊቱ የሚያጣራው ደም እስኪያጥረው አደረሱት። ሆስፒታል ሲደርስ የኩላሊቱ ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ። ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ግሉኮስ ዝም ብሎ አይለቀቅም፣ ሲበዛ ሳንባው ላይ ውሃ ይቋጥራል። በጠብታ፣ እየለኩ፣ ሁለት ሌሊት አስተኝተው መለሱልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኩላሊቱም ተመለሰ።

ማታ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ "አባዬ፣ ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት። "አንቺ ደክመሽ የሠራሽውን፣ በእንግዳ ፊት፣ እንዴት አመመኝ ልበል?" አለኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ተቅማጡን አይደለም የደበቀው፣ የእኔን ገበና ነው የሸፈነው።

እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ በወረቀት ጻፍኩት። የምግብ መመረዝ ሲያጋጥም ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን በላ፣ ምን በላ፣ መቼ በላ የሚለውን ነው። እናቴና አክስቴ ጾመኞች ናቸው፣ ተርኪውን አልቀመሱም፣ ምንም አልሆኑም። ልጆቹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በልተዋል፣ ምንም አልሆኑም። እኔም ከእነሱ ጋር በልቻለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ የበሉት ሦስቱ ብቻ፣ ሦስቱም ታመሙ። ሽሮውንም፣ ዳቦውንም፣ ማካሮኒውንም ነጻ የሚያወጣ ወረቀት ነበር። ጥፋቱ ሥጋው ተጠፍቶ ከቆየበት 8 ሰዓት ላይ ነው።

"በስሎ የለም እንዴ? በስሎ ባክቴሪያው ከሞተ ከየት መጣ?" ትሉኛላችሁ። ወንድሜም እንደዚያው ነው ያለኝ።

ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በሥጋና በዶሮ ላይ የተለመደ ነው። ሲጨንቀው ራሱን እንደ ዘር ጠቅልሎ ይቀመጣል። ማሳ በእሳት ሲያልፍ ሣሩ ይቃጠላል፣ መሬት ውስጥ የቀረው ዘር ግን ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል አይደል? እንደዚያ ነው። ማብሰል ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ዘሩን ግን ላይገድለው ይችላል። ከዚያ ድስቱ ቀስ ብሎ ሲበርድ ዘሩ ይነቃል። ሊጥ አቡክታችሁ ቶሎ ኩፍ እንዲል የት ነው የምታስቀምጡት? ሞቅ ያለ ቦታ፣ ተከድኖ። የጠፋ ስሎው ኩከር ወፍራም ሸክላው ሙቀቱን ይዞ፣ ክዳኑ አየር ከልክሎ፣ ውስጡ ሥጋና መረቅ ይዞ ለዚህ ባክቴሪያ እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። በተስማማው ሙቀት በ10 ደቂቃ አካባቢ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ስንት አሥር ደቂቃ እንዳለ አስሉት። ምግቡ አይሸትም፣ መልኩ አይለወጥም፣ አይጎመዝዝም። ከበላችሁ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይጀምራል። ትኩሳትና ትውከት ብዙም የለውም፣ ለጤነኛ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ወንድሜ ቅዳሜ ኳስ ሲያይ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ይህ ሕመም ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ጎልቶ እንደሚታይ የሚናገረው በትልልቅ የበዓል ድስቶች ምክንያት ነው። የእኛዎቹ ናሙና ላብራቶሪ አልተላከም፣ ሰዓቱና ምልክቱ ግን ልክ እንደዚህ ነው የገጠመው።

እንግዲህ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ 165 ካሳየ ሥጋውን ከድስቱ አወጣለሁ። እንግዳ ደርሶ ከሆነ ተቆርጦ ይቀርባል። ካልደረሰ ሁለት ምርጫ አለኝ። ድስቱን ሳላጠፋ ሞቃት ማቆያው ላይ አድርጌ ሙቀቱ ከ140 ፋራናይት፣ ከ60 ሴልሺየስ መሆኑ ነው፣ አለመውረዱን በቴርሞሜትር እየለካሁ አቆየዋለሁ። ወይም ቆርጬ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ከ140 በታችና ከ40 ፋራናይት በላይ ያለው ሙቀት ነው አደገኛው፣ እዚያ ውስጥ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ፍሪጅ ሲገባ በትልቁ ድስት አይደለም። ቆራርጣችሁ፣ መረቁንም ለብቻ፣ በጠፍጣፋ ትናንሽ ዕቃዎች አድርጉት። "ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል" ብለን ነው ያደግነው፣ በትንንሽ ዕቃ የተከፋፈለ ምግብ ግን ፍሪጁን ምንም አያደርገውም። ማታ ለሚመጣው ዘመድ ድርሻውን መጀመሪያ ላይ ለይታችሁ ፍሪጅ አስገቡለት፣ ሲመጣ በማይክሮዌቭ ወይም በምድጃ እስኪጤስ፣ መረቁ እስኪፈላ አሙቁለት። በስሎው ኩከር ማሞቅ አይቻልም፣ በጣም ይዘገያል። ፍሪጅ የገባው ተርኪ ከ3 እስከ 4 ቀን ይበላል፣ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁት ወዲያው ፍሪዘር ይግባ።

ጠዋት ጥዳችሁ ሥራ ለምትሄዱ፣ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ወደ ሞቃት ማቆያ ራሱ የሚቀየር ዓይነት ስሎው ኩከር ግዙ። እናንተ ሳትኖሩ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ከሆነ ደግሞ፣ ሥጋው የበሰለ ቢመስልም ጣሉት። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

ጨውን ሳልናገር ባልፍ ባሕር ማዶ ያላችሁ የግፊትና የልብ ሕመምተኞቼ ይቀየሙኛል። ብዙ የታሸገ ተርኪ ውስጡ የጨው ውሃ የተወጋ ነው። ማሸጊያው ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ ይህን ያህል ከመቶ የጨው ውሃ ተጨምሮበታል ይላል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው ሶዲየም ከ2,300 ሚሊግራም በታች ነው፣ ለልብ ሕመምተኛ ሐኪሙ ከዚያም ሊያሳንሰው ይችላል። ሁለት ደረት ጎን ለጎን አድርጋችሁ የሶዲየሙን ቁጥር አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። በተለይ ብዙ ሰው ስሎው ኩከር ላይ የሚነሰንሰው ደረቅ የሽንኩርት ሾርባ ዱቄት አለ፣ አንዱ ፓኬት ብቻ የቀን ሶዲየማችሁን ሊያሟጥጥ ይችላል። እኛ ኮረሪማና ዝንጅብል እያለን ምን አስፈለገን? ከተርኪው ጋር በከረጢት የሚመጣውንም ማባያ ለአባቴ አልሰጠውም።

ሆኖ ሆኖ አንድ ሰው ቤታችሁ ቢታመም፣ ዋናው መድኃኒት ፈሳሽ ነው። ለምለም ብለን የምናውቀው ኦአርኤስ እዚህም ፋርማሲ ውስጥ አለ፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ ይበጠበጥ። የሚያስመልሰው ልጅ ከሆነ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድና ሁለት ደቂቃው፣ ትንሽ ትንሽ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከልከል። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለልጅ በራሳችሁ አትስጡ። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከ102 ፋራናይት ወይም ከ39 ሴልሺየስ ካለፈ፣ ፈሳሽ ሁሉ የሚመለስ ከሆነ፣ ተቅማጡ ከ3 ቀን ካለፈ ሐኪም ጋ ሂዱ። ልጁ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ዳይፐሩ ለብዙ ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ ከወትሮው ውጪ ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እነዚህ ምልክቶች እስኪመጡ ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን ይደውል።

ሽንት የሚያሸና ክኒን፣ የግፊት መድኃኒት ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ ወይም ወላጆቻችሁ የሚወስዱ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ "ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘኝ ቀን የትኛውን ልውሰድ፣ የትኛውን ልተው?" በራሳችሁ አታቁሙ፣ እንደ አባቴም ዝም ብላችሁ አትዋጡ። መልሱን በወረቀት አስጽፋችሁ የመድኃኒት ሳጥኑ ላይ ለጥፉት። እኔ ለአባቴ ይህን ወረቀት የጻፍኩት ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። ለስንት በሽተኛ ነግሬ ለገዛ አባቴ ሳልነግረው ኖሬአለሁ።

አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር ያላችሁ፣ ተርኪውን ትታችሁ ዶሮ ወጡን በሉት፣ ነገሩ ያው ነው። በትልቅ ድስት ተሠርቶ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ ተከድኖ የሚያድር ወጥ ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። ፍሪጅ ያለው በትንሽ በትንሹ ከፍሎ ያስገባ። ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራቱ የማያስተማምነው በአንድ ቀን የሚያልቅ ልክ ይሥራ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ያውጣ። ጠዋት ሲሞቅ ደግሞ ዳር ዳሩ ለብ ማለቱ አይበቃም፣ እየተማሰለ እስከ መሃሉ በደንብ ይንተክተክ። ይህም ቢሆን ሌሊቱን የተመረተውን ሁሉ መርዝ ያጠፋል ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ሙቀት አይበግረውም።

ዘንድሮም ስሎው ኩከሩ ይወጣል። ደረቱ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ሰኞ ማታ ወደ ፍሪጅ ይወርዳል። ወንድሜን ለ9 ሰዓት ስጋብዘው 7 ሰዓት ብዬ ነው የምነግረው። አባቴ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ራሱን የሰዓት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾሟል። ሥጋው ከድስት ሲወጣ ሰዓቱን አይቶ በስልኩ ደወል ይሞላል፣ ገበታው መሃል ደወሉ ሲጮኽ ከእንግዳ ጋር የጀመረውን ወሬ አቋርጦ "ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ሞላ፣ አንሺው" ይላል። እናቴ ከሽሮዋ ቀና ብላ "አሁንስ አጥበሽዋል?" ትለኛለች።